ቴሌስኮፕ ሳይኖራችሁ፣ ደሴ ቁጭ ብላችሁ የፍኖተ ሐሊብን (የጋላክሲያችንን) መግኔታዊ መስክ ለመለካት

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የፊዚክስ ተማሪ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይ ከወልድያ ይደውላል። የመመረቂያ ርዕስ አስጨንቆታል። «ጋሼ፣ የጋላክሲ መግኔታዊ መስክ ላይ መሥራት ፈልጌ ነበር፣ ግን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከየት ላምጣ?» ይለኛል። አንዷማ «አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ መውጣት አለብኝ እንዴ?» ብላኛለች።

አብሽሩ፣ የትም አትወጡም። 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ደመናን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ጦሳን ሲውጠው እንኳ ግድ አይሰጠውም። ደግሞም ልኬቱን ሌሎች ሠርተው ጨርሰውታል፣ ዳታውንም ማንም በነፃ እንዲያወርደው ከፍተው አስቀምጠውታል። የእናንተ ሥራ አውርዶ በትክክል ማስላት ነው። ሰው የሚወድቀውም እዚያ ስሌቱ ላይ ስለሆነ፣ በየስልኩ ከምደጋግመው አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ላፕቶፕ። አሮጌም ቢሆን ይሠራል፤ ባትሪው ግን መብራት ሲሄድ ግማሽ ሰዓት ይቁም።
- ኤክሴል ወይም ነፃው ሊብረኦፊስ ካልክ። አብዛኛው ሥራ በዚህ ያልቃል።
- ፓይተን፣ ለደረጃ 8 ብቻ።
- የአውስትራሊያው የኤቲኤንኤፍ ፐልሳር ካታሎግ። ከ3,000 በላይ ፐልሳሮች (የሬዲዮ ምት እየመላለሱ የሚልኩ የሞቱ ከዋክብት) አሉበት።
- በ2009 የወጣው የቴይለር፣ የስቲልና የሰንስትረም ሠንጠረዥ። 37,543 የሬዲዮ ምንጮች ተለክተውበታል። መነሻው ኤንቪኤስኤስ የሚባለው የ1.4 ጊጋኸርዝ የሰማይ ቅኝት ነው።
- ረጅም መቀነት፣ እና ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝላችሁ ሰው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

ደረጃ 1፦ መቀነቱን አዙሩት

መቀነቱን ወጥሩት። ሰፊው ገጽ ወደ ላይ ይሁን። አሁን እህታችሁ በዚያ ጫፍ ዝም ብላ ትያዘው፣ እናንተ በዚህ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የመቀነቱ ስፋት የዘረጋበት አቅጣጫ የሞገዱ የፖላራይዜሽን አንግል፣ ማለትም ሞገዱ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ነው በሉ። እህታችሁ ጋ የተነሳበት አንግልና እናንተ ጋ የደረሰበት አንግል ይለያያሉ። ልዩነቱን ያመጣው በመሀል ያለው ነገር ነው።

ሰማይ ላይ በመሀል ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ነፃ ኤሌክትሮኖችና መግኔታዊ መስክ። ሁለቱ ባሉበት የሚያልፍ ሞገድ አንግሉ ይዞራል። ይህ የፋራዴይ ሽክርክሪት ይባላል። የዙረቱ መጠን ከሞገዱ ርዝመት ካሬ ጋር ያድጋል። ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ ዙረቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በቀመር፦

የደረሰው አንግል = የተነሳው አንግል + አርኤም × የሞገድ ርዝመት ካሬ

አርኤም የምንፈልገው ቁጥር ነው። አሃዱ ራዲያን በካሬ ሜትር ነው። በመንገዱ ሁሉ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛትና ወደ እኛ የሚያይ የመስክ ክፍል እያባዛ የሚደምር ነው፣ በፊቱ 0.812 የሚባል ቁጥር አለ (ኤሌክትሮን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ መስክ በማይክሮጋውስ፣ ርቀት በፓርሴክ ሲሆን)።

ከመቀነቱ ሳትነሱ አንድ ነገር ጨምሩ። መሀሉን በጋቢ ሸፍኑትና ግማሽ ዙር አዙሩ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ጫፎቹን ብቻ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም፤ ምንም ካልዞረ መቀነትም አይለየውም። ይቺን ነገር ያዟት፣ ደረጃ 6 ላይ ትመጣባችኋለች።

ደረጃ 2፦ የትኛውን መስክ እንደምትለኩ ወስኑ

እዚህ ሳይወስን የሚጀምር ሰው በኋላ ሁለቱን ይቀላቅላል።

ጋላክሲው ውስጥ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች በመስኩ ዙሪያ ሲጠማዘዙ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉ። ሲንክሮትሮን ነው የሚባለው። የዚህ ሞገድ የፖላራይዜሽን አንግል (የፋራዴይ ዙረቱ ከተቀነሰ በኋላ) በ90 ዲግሪ ሲዞር የመስኩን አሰላለፍ ይሰጣችኋል። ይህ ከዕይታችን ጋር ቀጥ ብሎ የተሻገረው፣ ሰማዩ ላይ የተጋደመው ክፍል ነው። ግን ቀስት የለውም። መስመሩ ከደሴ ወደ ሐይቅ ይሂድ ወይስ ከሐይቅ ወደ ደሴ አይነግራችሁም።

አርኤም ደግሞ ወደ እኛ ወይም ከእኛ የሚሄደውን ክፍል ይሰጣል፣ ቀስትም አለው። ፖዘቲቭ ከሆነ መስኩ ወደ እኛ ይመጣል። ኔጌቲቭ ከሆነ ከእኛ ይሸሻል።

ለጀማሪ በአርኤም ጀምሩ እላለሁ። ቁጥሩ ቀላል ነው፣ ዳታውም ዝግጁ ነው።

ደረጃ 3፦ በፐልሳር ተሟሟቁ

ፐልሳር በሁለት መንገድ ይረዳናል። አርኤም አለው፣ ዲኤምም አለው። ዲኤም በመንገዱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ድምር ነው፤ ረጅሙ ሞገድ ከአጭሩ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከመዘግየቱ ይሰላል። ለምን አስፈለገን? አርኤም ብቻውን ትልቅ ቢሆን መስኩ ጠንካራ ስለሆነ ይሁን ኤሌክትሮኑ ስለበዛ አይታወቅም። ዲኤም ኤሌክትሮኑን ለብቻው ስለሚቆጥርልን ስናካፍለው መስኩ ይቀራል፦

አማካይ መስክ በማይክሮጋውስ = 1.232 × አርኤም ÷ ዲኤም

ከካታሎጉ ስምን፣ የጋላክሲ ኬንትሮስን (ከእኛ ሲታይ የጋላክሲው መሀል ዜሮ ሆኖ በወለሉ ዙሪያ የሚቆጠረውን አንግል)፣ ኬክሮስን፣ ዲኤምንና አርኤምን ብቻ ምረጡና አውርዱ። ብዙ ፐልሳሮች የአርኤም ሳጥናቸው ባዶ ነው፤ እነሱን አስወጧቸው። ባዶውን ዜሮ እንዳታደርጉት። ዜሮ ልኬት ነው፣ ባዶ ግን ልኬት አይደለም።

ሁለት እንሞክር። ቢ0329+54 የሚባለው ዲኤሙ ወደ 26.8፣ አርኤሙ ወደ −64 ነው። ስናሰላው −2.9 ማይክሮጋውስ ገደማ ይመጣል። ቬላ ዲኤሙ ወደ 68፣ አርኤሙ ወደ +31 ነው። እሱ ደግሞ 0.56 ገደማ ይሰጣል። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ከራቀ ወይ አምድ አቀያይራችኋል ወይ ገልብጣችሁ አካፍላችኋል።

ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እንዲገባችሁ፦ እኛ አገር ላይ ያለው የምድር መስክ 0.36 ጋውስ ያህል ነው። የጋላክሲው ጥቂት ማይክሮጋውስ ነው። በ5 ብንይዘው ኮምፓሳችንን ከሚያዞረው በ70,000 ጊዜ ያህል ያንሳል።

ደረጃ 4፦ ምልክቱን ከቦታው ጋር አንብቡ

ቢ0329+54 በጋላክሲ ኬንትሮስ 145 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቬላ 264 ገደማ። አንዱ ኔጌቲቭ፣ አንዱ ፖዘቲቭ። በአጋጣሚ አይደለም፤ በፀሐይ አካባቢ ያለው መስክ በጥቅሉ ወደ 80ና 90 ዲግሪ አቅጣጫ ስለሚያመራ፣ ወደዚያ በኩል ስታዩ ይሸሻችኋል፣ ጀርባችሁን አዙራችሁ ወደ 270 ስታዩ ወደ እናንተ ይመጣል። ቬላ ከጀርባ በኩል ነው ያለው። በሁለት ፐልሳር ግን መደምደሚያ አይጻፍም፤ መቶ ሁለት መቶውን ኬንትሮሱን በአግድም፣ አርኤሙን በቁም አድርጋችሁ ሣሉት።

ማስጠንቀቂያ። የምታገኙት አማካይ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ብትመለሱ የከፍታ ለውጣችሁ ዜሮ ነው፤ መኪናው ግን ነዳጁን ጨርሷል። መስኩም እንዲሁ በመንገድ ላይ አንዴ ወደ እኛ፣ አንዴ ከእኛ ቢዞር እርስ በርሱ ይጣፋል። ከእኛ ወደ ጋላክሲው መሀል በኩል ወዳለው የሳጅታሪየስ ክንድ ስንሻገር መስኩ አቅጣጫውን እንደሚገለብጥ ይታወቃል። ስለዚህ ትንሽ አርኤም ማለት ትንሽ መስክ ማለት አይደለም።

መፍትሔ አለው። በአንድ አቅጣጫ፣ አንዱ ቅርብ አንዱ ሩቅ የሆኑ ሁለት ፐልሳሮች ፈልጉ። የአርኤማቸውን ልዩነት በዲኤማቸው ልዩነት አካፍሉ፣ በ1.232 አባዙ። የሚመጣው በሁለቱ መካከል ብቻ ያለው መስክ ነው።

ደረጃ 5፦ ከኪውና ከዩ አንግሉን አውጡ

አሁን የሌላ ሰው አርኤም መጠቀም ትተን ራሳችን እንለካ። የሬዲዮ ዳታ ሲመጣ አንግሉን ጽፎ አይመጣም። ስቶክስ የሚባሉ ቁጥሮች ይመጣሉ፦ አይ ጠቅላላው ብርታት ነው፣ ኪውና ዩ ፖላራይዝ የሆነው ክፍል ናቸው።

አንግል = ግማሽ × አርክታንጀንት (ዩ ሲካፈል ለኪው)

ተራውን አርክታንጀንት አትጠቀሙ፣ ሁለት ቁጥር የሚቀበለውን «አታን2» ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም ተራው የኪውንና የዩን ምልክት አጣፍቶ ከአራቱ ሩቦች የትኛው ላይ እንዳላችሁ ይረሳል። ግማሹ ለምን መጣ? መቀነቱን አስታውሱ፦ በ180 ዲግሪ ወደ ራሱ ስለሚመለስ ሙሉው ክብ በግማሽ ይታጠፋል።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት የበላኝ። ኤክሴል ላይ አታን2 መጀመሪያ ኪውን፣ ቀጥሎ ዩን ነው የሚቀበለው። ፓይተን ላይ ተቃራኒው ነው፣ መጀመሪያ ዩ። ከኤክሴል ወደ ፓይተን ስሸጋገር ይህን ሳላይ ቀርቼ አርኤሞቼ በሙሉ ምልክታቸው ተገልብጦ ነበር። ግራፉ ያምራል፣ መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ ጋላክሲው ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። ለማረጋገጥ ኪው 0 ዩ 1 አስገቡ፤ 45 ዲግሪ ካልመጣ ተቀያይሯል።

ቀጥሎ ደካማውን አስወግዱ። የፖላራይዜሽኑ ብርታት የኪው ካሬና የዩ ካሬ ድምር ስኩዌር ሩት ነው። ካሬ ስለሆነ ኖይዝ (የዘፈቀደ ጫጫታ) ብቻ ባለበትም ፖዘቲቭ ቁጥር ይወጣል፤ ባዶ ሰማይ ፖላራይዝ የሆነ ይመስላል። የአንግሉ ስህተት በራዲያን ኖይዙ ሲካፈል ለብርታቱ እጥፍ ነው። ብርታቱ ኖይዙን በ8 እጥፍ ከበለጠ ስህተቱ 3.6 ዲግሪ ያህል ነው፣ በ3 እጥፍ ብቻ ከሆነ ግን ወደ 9.5 ይሄዳል። እኔ ከ8 በታች ያለውን አልነካም።

ደረጃ 6፦ መስመሩን ጣሉ፣ ግን መጀመሪያ ዙሩን ፍቱ

ለልምምድ ያዘጋጀኋቸው ቁጥሮች እነሆ። ድግግሞሽ በሜጋኸርዝ፣ የሞገድ ርዝመት ካሬ በካሬ ሜትር፣ አንግል በዲግሪ።

1700፦ 0.0311፦ 18
1600፦ 0.0351፦ 41
1500፦ 0.0399፦ 69
1400፦ 0.0459፦ −77
1300፦ 0.0532፦ −35

አንግሉን በጣታችሁ ተከተሉ። 18፣ 41፣ 69 እያለ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት −77 ላይ ወደቀ። ሰማይ ላይ ምንም አልተፈጠረም፤ ፎርሙላው ከ−90 እስከ 90 ብቻ ስለሚቆጥር ነው። የጋቢው ጨዋታ ነው። በ−77ና በ−35 ላይ 180 ጨምሩ፣ 103ና 145 ይሆናሉ። አሁን 18፣ 41፣ 69፣ 103፣ 145። ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ዲግሪውን ወደ ራዲያን ቀይሩና «ስሎፕ» የሚለውን ፎርሙላ ተጠቀሙ፤ አንግሉ በቁም፣ ካሬው በአግድም። ወደ 100 ራዲያን በካሬ ሜትር ይመጣል። ያ ነው አርኤሙ። መስመሩ ቁም መስመሩን የሚነካበት ቦታ («ኢንተርሴፕት») ደግሞ ሞገዱ የተነሳበት አንግል ነው፤ መጀመሪያ −160 ገደማ ይወጣል፣ 180 ስትጨምሩበት 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ትደርሳላችሁ።

180ውን ሳይጨምር የሚያልፍ ሰው ምን ያገኛል? ጫፍና ጫፉን ብቻ ይዞ ቢያሰላ −42 ይወጣለታል። መጠኑ ብቻ ሳይሆን አቅጣጫው ተገለበጠ።

ደረጃ 7፦ በሁለት ሞገድ ብቻ አትመኑ

ከላይ ካሉት አምስት ውስጥ 1300ንና 1700ን ብቻ ቢሰጧችሁ ኖሮ 100 ልክ ነው፣ −42ም ልክ ነው፣ 242ም ልክ ነው። በመሀላቸው 142 ነው፤ ይህም ፓይ ሲካፈል ለካሬዎቹ ልዩነት ነው። ሁለት ነጥብ ሁልጊዜ ቀጥታ መስመር ላይ ስለሚያርፍ ስህተቱ ራሱን አይነግራችሁም። በመሀል ያሉት ሦስቱ ናቸው ያዳኑን።

የ2009ኙ ትልቁ ሠንጠረዥም በሁለት ተቀራራቢ ባንዶች የተሠራ ነው። ባንዶቹ ሲቀራረቡ የካሬዎቹ ልዩነት ያንሳል፣ በአሻሚዎቹ መልሶች መካከል ያለው ርቀት (ከላይ 142 የነበረው) ደግሞ ይሰፋል፤ ያም ሆኖ በጋላክሲው ወለል አካባቢ፣ አርኤም በመቶዎች በሚገባበት ቦታ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ኔጌቲቭ ሆነው አንዱ ብቻ ትልቅ ፖዘቲቭ ካላችሁ ተጠራጠሩት። አትሰርዙት፣ በቀለም ለዩትና በሌላ ልኬት አመሳክሩት።

ደረጃ 8፦ መስመሩ ሲጎብጥ

አንዳንዴ የሠራችሁት ሁሉ ልክ ሆኖ ነጥቦቹ መስመር ላይ አይቀመጡም። ወይ ይጎብጣሉ፣ ወይ ወደ ረጅሙ ሞገድ ሲኬድ ፖላራይዜሽኑ ይከስማል። ያኔ በግድ መስመር አትጣሉ። አንድ ሞገድ ሳይሆን የተለያየ ዙር የዞሩ ሁለት ሦስት ሞገዶች ተደራርበው ነው የሚመጡት፣ ወይም ሞገዱን የሚለቀው ቦታ ራሱ እያዞረው ነው።

መድኃኒቱ አርኤም ሲንተሲስ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ «አርኤሙ 10 ቢሆንስ?» ብሎ ሁሉንም ሞገድ በዚያ ልክ ወደ ኋላ ያዞራል፣ ይደምራል። «20 ቢሆንስ?» ይላል፣ እንደገና። ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ይይዙና ድምሩ ጉብ ይላል። ሁለት ጉብታ ካለ ሁለት ንብርብር አለ። ለፓይተን «አርኤም-ቱልስ» የሚባል ነፃ ፓኬጅ አለ፤ ድግግሞሹን፣ አይን፣ ኪውን፣ ዩንና ስህተታቸውን በጽሑፍ ፋይል ይቀበላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ዳታችሁ ምን ያህል እንደሚያይ አስሉ። የጉብታው ስፋት 3.46 ሲካፈል ለካሬዎቹ ጠቅላላ ልዩነት ነው። በእኛ ምሳሌ 3.46 ÷ 0.0221፣ ማለትም 157 ያህል። ስለዚህ በ50 የሚለያዩ ሁለት ንብርብሮችን በዚህ ዳታ ለየሁ ብትሉ ፈታኙ አይለቃችሁም፣ ልክም ነው።

ደረጃ 9፦ የእኛን ሰማይ ቀንሱ

ሞገዱ ቴሌስኮፑ ጋ ከመድረሱ በፊት በምድር አዮኖስፌር፣ ማለትም ከላይ ባለው የአየር ንብርብር ያልፋል። እዚያም ኤሌክትሮን አለ፣ መስክም አለ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ራዲያን በካሬ ሜትር ይጨምራል። አርኤማችሁ 300 ከሆነ እርሱት። 5 ከሆነ ግን ያለ እሱ ምንም አልለካችሁም። ሌላ ጋላክሲ ከሆነ የምትለኩት የፍኖተ ሐሊብም ድርሻ መቀነስ አለበት፤ በዙሪያው ያሉ የሩቅ ምንጮችን አርኤም አማካይ ወስዳችሁ ቀንሱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ዲግሪ በራዲያን ቦታ። ስሎፑ 57 ጊዜ ገዝፎ ይመጣል። 5,700 አካባቢ ካያችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ።
- የሞገድ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ትቶ ካሬ ማድረግ። 10,000 ጊዜ ነው የሚሳሳተው።
- በድግግሞሽ ላይ መስመር መጣል። ቀጥ የሚለው በርዝመቱ ካሬ ላይ ብቻ ነው።
- አንግሎችን እንደ ተራ ቁጥር አማካይ ማውጣት። የ89ና የ−89 አማካይ 0 ሳይሆን 90 ነው። ኪውንና ዩን ለየብቻ አማካይ አውጡ፣ አንግሉን ከዚያ ስሩ።
- የአዮኖስፌሩን ድርሻ የሚያሰላው ፕሮግራም ላይ የደሴን ቦታ ማስገባት። አንድ ጎበዝ ልጅ ይህን አድርጎ ቁጥሩ አልገጥም ብሎት ሌሊቱን ሙሉ አድሯል። ሞገዱ እናንተ ጋ አልመጣም፤ የመጣው ቴሌስኮፑ ጋ ነው። የቴሌስኮፑን ቦታና የተለካበትን ቀንና ሰዓት አስገቡ።

ተጣብቃችሁ ስትደውሉልኝ የመጨረሻውን ግራፍ ፎቶ ብቻ አትላኩ። የርዝመቱን ካሬ፣ ኪውን፣ ዩንና ኖይዙን በአራት አምድ አድርጋችሁ ላኩልኝ። ከግራፉ ላይ የጠፋውን 180 ማየት አልችልም፣ ከአምዱ ላይ ግን አቦሉ ሳይወርድ አገኘዋለሁ።